አንድ አድራሻ ብቻ የምታውቅ መልእክተኛ

መልእክተኛ ርግብ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው፣ ደብዳቤ እግሯ ላይ ታስሮ «ወደ እገሌ ቤት ሂጂ» ተብላ የምትላክ ወፍ ናት። እንዲህ ያለች ርግብ ግን ኖራ አታውቅም። ርግብ የምታውቀው አድራሻ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ያደገችበት ቤት። ከዚያ ወስደው በማታውቀው አገር ቢለቋት ትመለሳለች፤ ከቤቷ ወደ ሌላ ሥፍራ ግን አብዛኛውን ጊዜ አትላክም። የኖኅ ርግብም የወይራ ቅጠሉን ይዛ የተመለሰችው ወደ ማደሪያዋ ወደ መርከቡ ነበር። ስለዚህ የርግብ ፖስታ የሚሠራው፣ ርግቧን አስቀድሞ በቅርጫት አድርጎ መልእክቱ ወደሚነሣበት ቦታ የሚያደርስ ሰው ሲኖር ነው። ታሪኩም በአብዛኛው የዚህ የማድረሻ ዘዴ ታሪክ ነው።

ሥልጠናው የሚጀምረው ገና በልጅነቷ ነው። ክንፏ ሲጠነክር ከቤቷ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቃ ትለቀቃለች፤ ከዚያም ርቀቱ ቀስ በቀስ ይጨመራል። በደንብ የሠለጠነች ርግብ ከብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ትመለሳለች፤ ነፋስ ካልተቃወማት ፍጥነቷ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አቅጣጫዋን በፀሐይ ትለያለች፤ ሰማዩ ሲደምን ደግሞ የመሬት መግነጢሳዊ ኃይል ያግዛታል። በ1971 ዊሊያም ኪተን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ማግኔት ያሰረባቸው ርግቦች በደመናማ ቀን አቅጣጫ ጠፍቷቸዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ሽታ፣ ወንዝና አውራ ጎዳናም ይረዷታል፤ የእያንዳንዱ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ግን ዛሬም ያከራክራል።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን የሶርያው ገዥ ኑር አድ-ዲን ግዛቱን በርግብ መልእክት አገናኘ። በኋላ ግብፅን የገዙት ማምሉኮች በካይሮና በደማስቆ መካከል የርግብ ማማዎችን አቆሙ፤ መልእክቱም በየማማው ከአንዷ ርግብ ወደ ሌላዋ እየተላለፈ ይጓዝ ነበር።

ቴሌግራፍ ሲመጣ ርግብ ወዲያው ከሥራ አልወጣችም። በ1850 ሽቦው ከበርሊን እስከ አኸን፣ ከፓሪስ እስከ ብራስልስ ተዘርግቶ በአኸንና በብራስልስ መካከል ግን ገና አልተገናኘም ነበር። ያንን ርቀት ባቡር ከስድስት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ኋላ የሮይተርስ ዜና ወኪልን የመሠረተው ፖል ጁሊየስ ሮይተር ቤታቸው አኸን የሆነ 45 ርግቦች አገኘ። በባቡር ብራስልስ ይወሰዳሉ፤ የአክሲዮን ገበያ ዋጋ ታስሮባቸው ሲለቀቁ በሁለት ሰዓት ገደማ ቤታቸው ይገባሉ። ሽቦው ሲገጥም ርግቦቹ ሥራ ፈቱ፤ ሮይተርም በ1851 ለንደን ገብቶ ቢሮውን ከፈተ።

የርግብ ፖስታ ትልቁን ፈተና ያየው ግን በፓሪስ ነው። በሴፕቴምበር 1870 የፕሩሲያ ጦር ከተማዋን ሲከብ በሴን ወንዝ ሥር የተቀበረው የቴሌግራፍ ገመድ ሳይቀር ተቆረጠ። ደብዳቤ በባሉን ይወጣል፤ ባሉን ግን ነፋስ ወደ ወሰደው የሚሄድ ስለሆነ መልሱን ይዞ መግባት አይችልም። ስለዚህ ባሉኖቹ የፓሪስ ርግቦችን በቅርጫት ይዘው ወጡ። ርግቦቹ ቱር ወደምትባለው ከተማ ይወሰዱና ከዚያው አካባቢ መልእክት ተሸክመው ይለቀቃሉ።

የቀረው ችግር ክብደት ነበር። ሬኔ ዳግሮን የተባለ ፎቶ አንሺ የታተሙ ገጾችን በፎቶግራፍ አሳንሶ በስስ ፊልም ላይ አወጣ። አንዱ ፊልም እስከ 3,000 አጫጭር መልእክት ይይዛል። ሃያ ያህሉ ተጠቅልለው በላባ አገዳ ውስጥ ይገቡና ከርግቧ ጅራት ጋር ይታሰራሉ፤ ፊልሞቹ በአንድነት ቢመዘኑ 1 ግራም ቢሆኑ ነው። ፓሪስ ሲደርሱ በፋኖስ ብርሃን ጎልተው መጋረጃ ላይ ይታያሉ፤ ጸሐፊዎች እየገለበጡ ለየባለቤቱ ያደርሳሉ። ብርድ፣ ጭጋግና ጭልፊት ብዙዎቹን አስቀሯቸው፤ ከተለቀቁት 300 ያህል ርግቦች ፓሪስ የገቡት 60 አይሞሉም። ለዚህም ሲባል አንዱ መልእክት በብዙ ርግቦች ተደጋግሞ ይላክ ነበር። በዚህ ዘዴ ከበባው በጃንዋሪ 1871 እስኪያበቃ 1 ሚሊዮን ያህል የግል መልእክት ከተማዋ ገባ።

በዓለም ጦርነቶች ርግብ ሽቦ ሲበጠስና ሬዲዮ ሲከዳ የምትጠራ ሆነች። በጁን 1916 በቨርደን ግንባር የተከበበው የቮ ምሽግ አዛዥ ሻለቃ ሬናል የመጨረሻ ርግቡን ለቀቀ፤ በጋዝ የታፈነችው ርግብ መልእክቱን አድርሳ ሞተች። በኦክቶበር 1943 ደግሞ ጂ.አይ. ጆ የተባለ የአሜሪካ ጦር ርግብ ጣሊያን ውስጥ 32 ኪሎ ሜትር ያህል በ20 ደቂቃ በርሮ፣ የእንግሊዝ ወታደሮች አስቀድመው የያዙት መንደር በወገን አውሮፕላኖች እንዳይደበደብ አደረገ። በእንግሊዝ በጦርነት ለዋሉ እንስሳት ከ1943 እስከ 1949 ከተሰጡት 54 የዲኪን ሜዳሊያዎች 32ቱን የተሸለሙት ርግቦች ናቸው።

በሰላሙ ዘመን የሕንድ የኦሪሳ ፖሊስ በ1946 የጀመረውን የርግብ አገልግሎት እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ይዞት ቆይቷል፤ ጎርፍና አውሎ ነፋስ ሽቦ ሲጥል መልእክት ያደረሱት ርግቦች ነበሩ።

ዛሬ የመልእክተኛ ርግቦች ዋና ሥራ ውድድር ነው። በ2020 «ኒው ኪም» የተባለች የቤልጂየም ተወዳዳሪ ርግብ በ1.6 ሚሊዮን ዩሮ ተሽጣለች።