ያውቁ ኖሯል? አንዲት ጭረት፣ ሁለት ሥራ

በመቱ፣ በጎሬም ሆነ በቡሬ የሚማር ልጅ የአማርኛን፣ የአፋን ኦሮሞንና የእንግሊዝኛን ሥርዓተ ነጥብ ጎን ለጎን ይማራል። ከሁሉ የምታምታታው ከፊደል ራስ ላይ የምትንጠለጠለው ትንሿ ጭረት ናት።

አፋን ኦሮሞ በቁቤ (በላቲን ፊደል) እንዲጻፍ በጥቅምት 1984 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ጭረቷ «ሁዳ» ተብላ የድምፅ ሥራ ይዛለች፤ ጉሮሮ ላይ ትንፋሹን ቆም ታደርጋለች። በአፋን ኦሮሞ «ዛሬ» ማለት የሆነው ቃል ያለ ሁዳ ከተጻፈ «ሐይቅ» ይሆናል። የዛሬን ስብሰባ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ሰው ጭረቷን ከረሳት ተሰብሳቢውን ሐይቅ ከተተው ማለት ነው!

በእንግሊዝኛ ግን የራሷ ድምፅ የላትም። ወይ የተዘለለ ፊደል ቦታ ትይዛለች፣ ወይ ባለቤትነትን ታሳያለች፦ «የተማሪው ደብተር» ለማለት ከኤስ በፊት፣ «የተማሪዎቹ» ለማለት ከኤስ በኋላ ትገባለች። ለተራ ብዙ ቁጥር አትገባም፤ በዚህ የእንግሊዝ አትክልት ሻጮችም ሳይቀሩ በመሳሳት የታወቁ ናቸው።

ከጭረቷ ሌላ የእንግሊዝኛ ሥርዓተ ነጥብ የሚያምታታው በርእስ ላይ ነው፦ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ርእስ በእጅ ሲጻፍ ይሰመርበታል፣ የመጣጥፍ ርእስ በትእምርተ ጥቅስ ይገባል። ድርሰትዎ አናት ላይ ለሚጽፉት ለራስዎ ርእስ ግን ማስመርም ጥቅስም አያስፈልግም፤ መጨረሻው ላይ ነጥብም አይደረግም።