ያውቁ ኖሯል? የአንገት ሻርፕም ወሬ ያወራል!

የባቡር መዘግየት በሹራብ ክር እንደሚመዘገብ ያውቁ ኖሯል? በጀርመን፣ ወደ ሙኒክ በባቡር የምትመላለስ አንዲት ሴት እ.ኤ.አ. በ2018 በየቀኑ ከአንድ ሻርፕ ሁለት ሁለት ረድፍ ትሠራ ነበር። መዘግየቱ ከ5 ደቂቃ በታች ከሆነ ጥቁር ግራጫ፣ እስከ 30 ደቂቃ ከደረሰ ሮዝ፣ ከዚያ ካለፈ ወይም ባቡሩ ሲሄዱም ሲመለሱም ከዘገየ ቀይ! ዓመቱ ሲያልቅ ሻርፑ ለጨረታ ቀረበና በ7,550 ዩሮ ተሸጠ! ገንዘቡም በባቡር ጣቢያዎች ችግረኞችን ለሚረዳ የበጎ አድራጎት ድርጅት ተሰጠ። እሰየው ነው!

በእንግሊዙ ተከታታይ ፊልም በ‹ዶክተር ሁ› ተዋናዩ ቶም ቤከር የሚጠመጥመው ያ መሬት የሚጎትት ባለ ብዙ መስመር ሻርፕስ? ርዝመቱ ያልታሰበ ነበር! የአልባሳት ባለሙያው ጄምስ አቺሰን ቀለም ይመረጥበት ብሎ ክር በገፍ ገዝቶ ለሹራብ ሠሪዋ ለቤጎኒያ ፖፕ ሰጣት። እሷም አንድ ጥቅል ሳታስተርፍ ሁሉንም ሠርታ አስረከበችው! እንዲህ ያለ አለመግባባት ይብዛልን!

ሸማ ድርና ማግ ይፈልጋል። ለሹራብ ግን አንድ ክር ይበቃዋል! ጫፉን አግኝተው ቢስቡት እስከ መጨረሻው ይተረተራል። ክሩም ተጠቅልሎ ለሌላ ሥራ ይውላል!

ባለ መስመር ሻርፕ በእጅዎ ከገባ እስቲ ገልብጠው ይዩት! በፊቱ በኩል ቀዩና አረንጓዴው በማስመሪያ የተለዩ ይመስላሉ። በጀርባው ግን ሁለቱ ቀለሞች ነጠብጣብ እየሆኑ እርስ በርስ ገብተዋል!

በግብፅ፣ በአንቲኖፖሊስ የተገኘች አንዲት የሕፃን ካልሲ ዕድሜዋ 1,700 ዓመት ገደማ ነው። እሷም ባለ መስመር ናት! ሰባት ዓይነት ቀለም ይታይባታል፤ ማቅለሚያዎቹ ግን ከተክል የተገኙ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ብቻ ናቸው! አውራ ጣቷም ለብቻው ተለይቶ ተሠርቷል!

እመቤታችን ሹራብ ስትሠራ የሚያሳይ ሥዕል እንዳለስ? በሃምቡርግ የሚገኘው የማስተር በርትራም ሥዕል 600 ዓመት ገደማ ሆኖታል። አራት መርፌ ይዛ ስፌት የሌለውን የልጇን ቀሚስ አንገት ትጨርሳለች! በአገራችን የብስራት ሥዕሎች ውስጥም ክር ስትፈትል የምትታይባቸው አሉ!

በፔሩ፣ በቲቲካካ ሐይቅ ላይ ባለችው የታኪሌ ደሴት ሹራብ የወንዶች ሙያ ነው! ወንዶች ልጆች ገና በልጅነታቸው ይማሩታል። ኮፍያቸው ቀይና ነጭ ከሆነ ላጤ፣ ሙሉ በሙሉ ቀይ ከሆነ ባለትዳር ናቸው!

በፈረንሳይ የላንድ አካባቢ እረኞች ደግሞ ረግረጉን ለመሻገር በረጃጅም የእንጨት እግር ላይ ቆመው በግ ይጠብቁ ነበር። እዚያው ላይ ሆነው ሹራብ ይሠሩ ነበር!

እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ እ.ኤ.አ. በ1589 የሹራብ መሥሪያ መኪና ፈለሰፈ። ቀዳማዊት ንግሥት ኤልሳቤጥ ግን የፈጠራ መብት ነፈገችው! በእጃቸው ሠርተው የሚያድሩት ድሆች እንጀራቸውን እንዳያጡ ሰግታ ነበር ይባላል።

የሼትላንድ ሴቶች የሚሠሩት ስስ ሻርፕ በጋብቻ ቀለበት ውስጥ ያልፋል! ሙሉው ሻርፕ!

ሱፍ ከክብደቱ 30 በመቶ የሚሆን እርጥበት ጠጥቶ እርጥብ አይመስልም። እርጥበቱን ሲጠጣም ሙቀት ይለቃል!

ከመንጋው ጠፍቶ ለዓመታት ሳይሸለት የኖረው አውስትራሊያዊው በግ ክሪስ እ.ኤ.አ. በ2015 ተገኘ። በአንድ ሽልታት 41.1 ኪሎ ሱፍ ወረደለት! ስንት ሻርፕ ይወጣው ነበር!