ካንዴሌታ፦ ናፍጣ ሞተር ጠዋት ሲለግም

ሐረርን የሚያስተዋውቁ ፎቶዎች ላይ ከጀጎል ግንብ ቀጥሎ የማትጠፋው ፔጆ 404 ናት። እ.ኤ.አ. በ1960 መመረት የጀመረችው መኪና በዚህች ከተማ ታክሲ ሆና አርጅታለች። ፔጆዎቹ በአብዛኛው ቤንዚን ናቸው፤ ጠዋት ሲያስቸግሩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካንዴላ ነው። ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ባቢሌና ወደ ጅጅጋ ሰውና ዕቃ ከሚያመላልሱት መካከል ላንድክሩዘሮቹ፣ ኢሱዙዎቹና ብዙዎቹ ሚኒባሶች ግን ናፍጣ ናቸው። የእነሱን የጠዋት ጠባይ የሚወስነው ካንዴሌታ ነው።

ናፍጣ ሞተር እሳት የሚረጭ ካንዴላ የለውም። አየሩን ወደ 20 እጥፍ ገደማ አምቆ ያግለዋል፤ ናፍጣው በዚያ ግለት ላይ ሲረጭ በራሱ ይነዳል። ብርድ ሲያድርበት የሲሊንደሩ ብረት ሙቀቱን ይነጥቀዋል፤ የጎደለውን የሚሞላው ካንዴሌታ ነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ግለቱን ቶሎ ያጣል። ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። እዚያ አድሮ በአንድ ቁልፍ የሚነሳ ሚኒባስ ሐረር ሲያድር ቢለግም፣ በመንገዱ ላይ ያለው የደንገጎ ዳገት አደከመው ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ካንዴሌታው ቀድሞ ሞቷል፤ የቆላው ሙቀት ሸፍኖለት ነው።

ካንዴሌታ እርሳስ የምታህል፣ ቴስታታ (የሲሊንደር ክዳን) ላይ ተጠምዝዛ የምትገባ ዘንግ ናት። ውስጧ ያለው ጥቅል ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ጫፏ ከ850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሎ ይቀላል። ባለ 12 ቮልቷ አንዷ ብቻ ወደ 10 አምፔርና ከዚያም በላይ ትስባለች። አራት ሲሆኑ ከ40 አምፔር ያልፋል። ይህን ጉልበት የመኪናው ቁልፍ አይችለውም። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ከባትሪ በወፍራም ሽቦ ተነስቶ በፊውዝና በሪሌ ያልፋል፤ ከዚያ የካንዴሌታዎቹን አናት በሚያገናኘው ጠፍጣፋ ብረት ተከፋፍሎ፣ በሞተሩ አካል በኩል ወደ ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ) ይመለሳል። ቁልፉ ሪሌውን ከማዘዝ ያለፈ ሥራ የለውም።

ሾፌሮችን የሚያሳስተው ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ጥቅልል ሽቦ የሚመስል ቢጫ መብራት ነው። በብዙ መኪኖች መብራቱ የሚጠፋው የተመደበለት ሰከንድ ሲያልቅ ነው፤ ካንዴሌታዎቹ መጋላቸውን አያውቅም። አራቱም ተቃጥለው እንኳ በሰዓቱ በርቶ በሰዓቱ ይጠፋል።

የበሽታው ምልክት ግን መንገድ ይጠቁማል። ሞተሩ ተነስቶ ለጥቂት ጊዜ እየተንቀጠቀጠ ነጭ ጭስ ካጨሰና ሲሞቅ ከተስተካከለ፣ አንድ ወይም ሁለት ካንዴሌታ ሞቷል። ትናንት ደህና የነበረው ዛሬ ጨርሶ እምቢ ካለ ደግሞ አራቱ በአንድ ሌሊት አይሞቱምና ጥፋቱ ከእነሱ በፊት ባለው መስመር ይፈለግ።

ፍተሻው ከባትሪው በሚመጣው መስመር ይጀምራል። ቁልፉ ተከፍቶ ቴስተሩ በአገናኙ ብረትና በሞተሩ አካል መካከል ሲያዝ ባለ 12 ቮልት መኪና ላይ 11 ቮልት ገደማ ከታየ መስመሩ ደህና ነው። ምንም ከሌለ ፊውዙ ወይም ሪሌው ይታያል፤ ሪሌው “ጠቅ” እያለ ቮልት የማያሳልፍ ከሆነ የውስጥ መገናኛው ተቃጥሏል። ቮልቱ 7 ወይም 8 ከሆነ የዛገ ጫፍ፣ የላላ ብሎን ወይም የደከመ ባትሪ አለ።

ቀጥሎ ቁልፉ ይዘጋና አገናኙ ብረት ይፈታል። ካልተፈታ ጤነኛዋ የሞተችውን ትሸፍናለች። ከዚያ እያንዳንዷ በኦም ትለካለች፦ ባለ 12 ቮልቷ ስትቀዘቅዝ በአብዛኛው ከ1 ኦም ብዙም አትርቅም። ቴስተሩ ጭራሽ ካላነበበ ውስጧ ተበጥሷል። ቴስተር የሌለው ሰው ከባትሪው ፖዘቲቭ በተሳበ የፍሬን መብራት አምፖል ይሞክራል፤ የካንዴሌታዋን አናት ሲነካ ካልበራ ሞታለች። ቢበራም ግን ጫፏ በደንብ መጋሉን አያረጋግጥም።

ስትገዛ ቁመናዋን ብቻ አይተህ አትግዛ። ኢሱዙ የጭነት መኪኖች በአብዛኛው ባለ 24 ቮልት ናቸው፤ ለእነሱ የተሠራችው በ12 ቮልት በደንብ አትግልም፤ ባለ 12ቷ ደግሞ በ24 ቮልት ወዲያው ትቃጠላለች። ሪሌው ሲበላሽ መሪው አጠገብ በእጅ የሚጫን ማብሪያ ማስገባትም የተለመደ ዘዴ ነው፤ ችግሩ ጣት ሰከንድ አለመቁጠሩ ነው። ብዙ የተጫነች ካንዴሌታ ጫፏ አብጦ ቀዳዳዋ ውስጥ ትነከሳለች። በጉልበት ከተፈታች ትሰበርና ስብርባሪዋ ቴስታታ ያስወርዳል። ሞተሩን አሙቆ፣ ዘይት አጠጥቶ፣ ወዲያ ወዲህ እያሉ መፍታት ይሻላል። የማስነሻ ስፕሬይ ነፍቶ ካንዴሌታ ማጋል ደግሞ ሲሊንደር ውስጥ ፍንዳታ መጋበዝ ነው።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ደህና ከሆነ፣ ሞተሩም ሞቆ ሳለ ለመነሳት የሚያስቸግር ከሆነ፣ ካንዴሌታ ነጻ ነው። ያን ጊዜ ኤሌክትሪሻኑ ቴስተሩን ይሰብስብና ነገሩ ወደ ናፍጣ መስመር፣ ወደ ፖምፓና ወደ ኮምፕሬሽን ይለፍ።