እያየሽ ጨምሪበት

የዶሮ ወጥ አሠራር የጠየቀች ሙሽራ መጀመሪያ የሚደርሳት መልስ ሳቅ ነው። «ሽንኩርቱ ስንት ኪሎ ይሁን?» ትላለች። «እንደ ዶሮዋ።» «በርበሬውስ?» «እያየሽ ጨምሪበት።» «እስከ መቼ ላቁላላው?» «እስኪበስል ነዋ!» ጠያቂዋ የተቀለደባት ይመስላታል። መላሿ ግን አልቀለደችም፤ እሷም ከእናቷ የወረሰችው ይህንኑ ነው። ጓደኛሞች ቡና አፍልተው ፈንዲሻቸውን ይዘው ሲቀመጡ ሙያ ከእጅ ወደ እጅ የሚሻገረው እንዲህ ነው፤ ሲኒው ከአቦል ወደ ቶና ሲዞር ወሬውም ከሰው ወደ ድስት ይዞራል።

«እስኪበስል» ማለት ግን ስንፍና አይደለም። የወጥ ቁሌት ያለ ዘይት ይጀመራል። የተከተፈው ሽንኩርት በደረቁ ድስት ውኃውን እየለቀቀ፣ እየተማሰለ ይበስላል፤ ቅቤውና በርበሬው ተራቸው የሚደርሰው ውኃው ከመጠጠ በኋላ ነው። ትንንሹ የሐበሻ ሽንኩርት ውኃው ጥቂት ነው። በዋሽንግተን ወይም በፍራንክፈርት ሱቅ የሚሸጠው ትልልቅ ሽንኩርት ግን ውኃ ያዘለና ጣፋጭ ስለሆነ ቁሌቱ የትየለሌ ጊዜ ይወስዳል። ሰዓት እያየች የምታበስል ስደተኛ ወጧ ስኳር ስኳር ይልባታል፤ ድስቱን እያየች የምታበስለው ታመልጣለች።

እንጀራ ላይ ሲደረስ ነገሩ ይብሳል። ሊጡ እንዲቦካ የሚያደርጉት በእርሾውና በዱቄቱ ውስጥ ያሉ፣ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ናቸው፤ ሲሞቃቸው ይፈጥናሉ፣ ሲበርዳቸው ያንቀላፋሉ። አዲስ አበባ ላይ በሁለት ሦስት ቀን የሚደርስ ሊጥ በስቶክሆልም ክረምት ይለግማል። ስለዚህ ቡሃቃው በብርድ ልብስ ይጠቀለላል፣ ወይም መብራቱ ብቻ የበራ ምድጃ ውስጥ ይከተታል። ቀጥሎ አብሲቱ አለ፦ ከቦካው ሊጥ ጥቂት ተቀንሶ በፈላ ውኃ ይበስልና ተመልሶ ይቀላቀላል። አብሲት ሳትጥል የጋገረች ሴት እንጀራዋ ዓይን ያወጣልኛል ብላ አትጠብቅ።

ዱቄቱም ራሱን የቻለ ጉዞ አለው። ኢትዮጵያ የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ የከለከለችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ነው። ከዚያ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ግን በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ የተመለሰ ዌይን ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ በአይዳሆ ግዛት ጤፍ መዝራት ጀምሮ ነበር። ጤፍ በማይገኝበት ከተማ ሩዙም፣ ገብሱም፣ ስንዴውም ይሞከራል፤ ቸኩላ ሊጡ ላይ ጋዝ ያለው ውኃ የምትጨምርም አትጠፋም። በስልክ የምትጠይቀው ጓደኛ ጥያቄዋ አንድ ነው። «ዓይን አወጣ?» «ኧረ አንዳይና ሆነብኝ!»

ቀልዱ የሚደምቀው ግን ጓደኛሞቹ ከተለያየ አገር የተሰባሰቡ እንደሆነ ነው። በጤፍ ያደገ ሰው ቆጮ መጀመሪያ ሲቀርብለት «ይኼ ይታኘካል ወይስ ይጎተታል?» ብሎ ጉራጌ ወዳጁን ያበሽቃል። ወዳጁም አሠራሩን ይተርክለታል፦ እንሰቱ ይፋቃል፣ የተፋቀው በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ይገባል፣ እዚያም ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። «የተቀበረ ምግብ!» ብሎ ጤፍ በላተኛው ፊቱን ያጨማድዳል። መልሱ ዝግጁ ነው፤ «አንተስ አረፋ እስኪደፍቅ ሦስት ቀን የከረመ ሊጥ አይደል የምትበላው?» እውነቱን ነው። ሁለቱም የመብላላት ውጤት ናቸው፤ የሚለያያቸው የቀኑ ቁጥር ነው። ጉድጓዱ ደግሞ ጎተራም ጭምር ነው፦ ዝናብ በጠፋበት ዓመት የተቀበረው ቆጮ ቤቱን ያቆያል። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በእንሰት የሚኖረውም ያለ ነገር አይደለም። ለማንኛውም ቆጮው ሳስቶ ተጋግሮ ከለብለብ ክትፎና ከአይብ ጋር የቀረበ ቀን ክርክሩ በጉርሻ ይዘጋል።

ምግብ መቅበር ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። አይስላንዶች ሐካርል የሚሉት ምግብ ግሪንላንድ ሻርክ ከሚባለው ዓሣ የሚሠራ ነው። የዚህ ዓሣ ትኩስ ሥጋ መርዛም ነው። የጥንቶቹ ሰዎች መላ ሥጋውን አሸዋና ጠጠር ውስጥ ቀብሮ ድንጋይ መጫን ነበር፤ ፈሳሹ ለሳምንታት ከወጣ በኋላ ተሰቅሎ ለወራት ይደርቃል። ሽታው የጽዳት ኬሚካል ያስታውሳል። ስዊድኖች ደግሞ ሱርስትሮሚንግ የሚባል ጨው ውስጥ የተብላላ ዓሣ በቆርቆሮ ያሽጋሉ፤ ዓሣው ቆርቆሮው ውስጥም መብላላቱን ስለማያቆም ጣሳው እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ይነፋል። በ2006 ኤር ፍራንስና ብሪቲሽ ኤርዌይስ ይህን ጣሳ ይፈነዳል ብለው ከአውሮፕላን ከለከሉት።

አውሮፕላን ከተነሳ ዘንድ የሐበሻ ሻንጣም አይረሳ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ኮረሪማው፣ ቋንጣው፣ ሦስት ፌስታል የተደራረበለት ንጥር ቅቤ፤ ልብስ ካለ በመሃል ይሸጎጣል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ግን መንገደኛ ከኅብረቱ ውጭ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዳይገባ ይከለክላል። በርበሬው ሲያልፍ ቅቤውና ቋንጣው ጉምሩክ ላይ ይቀራሉ። ከዚህ ሕግ ጋር የተጋጩ ሰዎች ታሪካቸውን ሲያወሩ የሚቆጫቸው ገንዘቡ አይደለም፤ ያ ሁሉ ኮሰረትና በሶብላ የገባበት ቅቤ ቆሻሻ ውስጥ ሲጣል ማየታቸው ነው። ከዓረብ አገር የሚመለሱ እህቶች ጉዞ በተቃራኒው ነው፤ እነሱ የከብሳ ቅመምና የደረቀ ሎሚ ይዘው ገብተው ሩዝ «ለሕመምተኛ ነው» የሚሉ አባቶችን ሳይቀር ያስበላሉ።

ስለ ሰው አገር ምግብ መሳቅ የቆየ ነው። በ1769 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ ወታደሮች ከቆመች ላም ሥጋ ቆርጠው ጥሬውን ሲበሉ አየሁ ብሎ ለንደን ላይ ሲያወራ ብዙ ሰው ውሸታም ብሎ ሳቀበት። በ1790 ጉዞውን በአምስት ቅጽ ሲያሳትምም ፌዙ አልለቀቀውም። ስለ ላሟ ያለው ዛሬም ያከራክራል። ብርንዶ መበላቱን ግን የሚጠራጠር ኢትዮጵያዊ የለም፤ ቅዳሜ ቀን ሉካንዳ ቤት ጎራ ማለት ይበቃል። ለዚያውም መዘዙን ቀድሞ የተረዳ አገር ነው፦ ጥሬ ሥጋ ለሚያመጣው ትል መድኃኒቱን ከኮሶ ዛፍ አበባ አዘጋጅቷል።

ነገሩ የሚያስቀው ሲገለበጥ ነው። ቁርጡን በአዋዜና በሚጥሚጣ የሚያወራርድ ጎበዝ ጀርመን አገር ይሄድና ቁርስ ላይ ሜት የሚባለውን ያያል፤ የተፈጨ ጥሬ የአሳማ ሥጋ ዳቦ ላይ ተለቅልቆ፣ ሽንኩርት ተነስንሶበት። ያን ጊዜ ጥሬ ሥጋ የሚያስደነግጠው ሰው እሱ ይሆናል። አገር ውስጥም ቢሆን ከአዲስ አበባ ወደ ጅግጅጋ የወረደ ሰው የግመል ሥጋ ሲጋበዝ «ጾም ነኝ» ማለት ይጀምራል፤ ጋባዦቹ ቀኑን ቆጥረው ይስቁበታል።

ቡናው ራሱ አያስማማም። አንዱ ስኳር ሲል ሌላው ጨው ይላል፤ ጤና አዳም የሚነክር አለ፣ ቅቤ የሚጨምር አለ። ጉጂና ቦረና ቡናውን ከነገለባው በቅቤ ጠብሰው ቡና ቀላ ያደርጉታል። ሐረር ላይ ቅጠሉ ተቆልቶ ቁጢ ይሆናል። ቅቤና ጨው ቡና ውስጥ ሲገባ የሚዘገንነው ሰው ቲቤቶች ሻያቸውን በያክ ቅቤና በጨው እንደሚመቱ፣ ሰሜን ፊንላንድ ውስጥም አይብ ቡና ውስጥ ተነክሮ እንደሚበላ ሲነገረው ሲኒውን ያስቀምጥና «እኔን ስኳር በቃኝ» ይላል።

አሁን አሁን ከመጠየቅም ማሳየት ቀሎ፣ ስደተኛዋ ስልኳን ድስቱ ላይ አዘንብላ እናቷን በቪዲዮ ታማክራለች። እናት መነጽራቸውን ያደርጋሉ። «ቀረብ አድርጊልኝ። መልኩ አልጠራልኝም፤ መብራታችሁ ነው መሰለኝ።» ልጅ ትቀርባለች፣ እንፋሎቱ ካሜራውን ይሸፍነዋል። ሽታው አይደርስ፣ አይቀመስ። «እንግዲያውስ ዝም በይና ድምፁን አሰሚኝ» ይላሉ እናት። ልጅ ስልኩን ወደ ድስቱ ጆሮ ታስጠጋለች። ትሽሽ... ትሽሽ... «ገና ነው፤ ውኃው አልመጠጠም። አማስዪ።»