ከ«ማን ገደለ» ወደ «ማን አተረፈ»፦ የሸርሎክ ሆልምስ ሁለተኛው ፊልም ከቀዳሚው ጋር ሲነጻጸር



የዛሬው ገለጻዬ ዳይሬክተር ጋይ ሪቺ በሠራቸው ሁለት ፊልሞች ላይ ያተኩራል። «ሸርሎክ ሆልምስ» እ.ኤ.አ. በ2009፣ ተከታዩ «የጥላዎች ጨዋታ» ደግሞ በ2011 ለእይታ በቅተዋል። በሁለቱም ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር መርማሪውን ሆልምስን፣ ጁድ ሎው ደግሞ ሐኪሙን ዋትሰንን ሆነው ይተውናሉ። እያንዳንዳቸው በዓለም ዙሪያ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ስላስገቡ ብልጫውን ከገበያ መፈለግ አያዋጣም። ልዩነታቸው ተመልካቹ እውነቱን እንዲያውቅ በሚደረግበት መንገድ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ፊልም ታሪክ በፍርሃት ላይ የቆመ ነው። ሎርድ ብላክዉድ በስቅላት ይቀጣል፤ መሞቱንም ዋትሰን ራሱ ያረጋግጣል። ብዙም ሳይቆይ መቃብሩ ከውስጥ ተሰብሮ ይገኛል፤ ለንደንም በአስማት ወሬ ትናወጣለች። አንድ ባለሥልጣን ገላውን እየታጠበ ሳለ ይሞታል፤ ሌላው በጉባኤተኞች ፊት በእሳት ይጋያል። ሆልምስ ግን ወሬውን ትቶ ዱቄቱን፣ ሽታውንና የድንጋዩን ስብራት ይመረምራል። በመጨረሻ እንደምንረዳው፣ በስቅላቱ ጊዜ የሰውየውን ክብደት የተሸከመው የተደበቀ መንጠቆ ነው፤ የልብ ትርታውን ያደበዘዘው የተክል መርዝ ነው፤ የመቃብሩም ድንጋይ አስቀድሞ ተሰብሮ በማጣበቂያ የተገጠመ ነበር። በእሳት የጋየው ሰውም ዝናብ መስሎት የነበረው የሚቀጣጠል ፈሳሽ ነው። እነዚህ ምልክቶች ከመፈታታቸው በፊት በዓይናችን ፊት አልፈዋል። ሳናስተውል ቀርተን ከሆነ ጥፋቱ የእኛ እንጂ የፊልሙ አይደለም፤ የመርማሪ ታሪክ ለተመልካቹ ያለበት የታማኝነት ግዴታም ይኸው ነው።

ፍርሃት ማስረጃን ሲቀድም ምን እንደሚያስከትል ለአሶሳ ታዳሚ ማብራራት አይጠበቅብኝም። በመተከልና በካማሺ ብዙ ወገኖቻችን ሕይወታቸውን ያጡባቸው ዓመታት ሩቅ አይደሉም። ስለዚህ «ይህን ነገር ያየው ማን ነው? በምን ተረጋገጠ?» ብሎ የሚጠይቅ ገጸ ባሕርይ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተራ መዝናኛ ሆኖ አይታየኝም።

ሁለተኛው ፊልም ይህን መንገድ ይተዋል። ጄሬድ ሃሪስ የተጫወተው ፕሮፌሰር ሞሪያርቲ ጥፋተኛ መሆኑን ገና ከመግቢያው እናውቃለን፤ ስለዚህ «ማን ገደለ» የሚለው ጥያቄ ዋጋ ያጣል። በቦታው «ማን ያተርፋል» የሚለው ይተካል። አውሮፓ ውስጥ ፍንዳታዎች ይደርሳሉ፤ ጣት የሚቀሰረው በሥርዓተ አልበኞችና በብሔርተኞች ላይ ነው። ሞሪያርቲ ግን በዚያው ጊዜ ከጥይት እስከ ቁስል ማሰሪያ ያለውን ሁሉ በእጁ እያስገባ፣ ዕቃውን የሚፈልግ ጦርነት ለመፍጠር ይሠራል። በሐሳብ ረገድ ይህ ከመጀመሪያው ፊልም የጠለቀ ነው። በአሠራር ግን ክፍተት አለበት። ሬቸል ማክአዳምስ የተጫወተቻት አይሪን አድለር ገና በጠዋቱ ከታሪኩ ትወጣለች፤ ጀርመን ውስጥ ካለው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ በጫካ የሚደረገው ሽሽት ለዓይን ድንቅ ቢሆንም ለምርመራው የሚጨምረው ጥቂት ነው። ተኩሱ ምርመራውን ውጦታል።

ፊልሙ ታሪኩን ያስቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ያን ጊዜ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ከኢጣሊያ ጋር እየተከራከሩ ነበር፤ ከአንድ ዓመት በፊት ደግሞ የአውሮፓ መንግሥታት በብራስልስ ተሰብስበው ወደ አፍሪካ የሚገባውን ጠመንጃ የሚገድብ ስምምነት ፈርመው ነበር። ያም ሆኖ የጦር መሣሪያው ንግድ አልቆመም። ዛሬም በአያቶቻችን ፉከራ የምንሰማው «ውጅግራ» የፈረንሳዩ የግራ ጠመንጃ ስም ነው። በራስ መኰንን የተመራው ጦር እ.ኤ.አ. በ1898 ወደ ቤኒሻንጉል ሲዘምትና የአሶሳው ሼህ ኾጀሌ አል-ሐሰን ከአዲሱ ኃይል ጋር ሲደራደሩ፣ በሰው እጅ የነበረው መሣሪያ አገር ውስጥ የተሠራ አልነበረም። ፊልሙ ስለ እኛ አንዳች አይናገርም፤ ካሜራው ከአውሮፓ አይወጣም። የሞሪያርቲን የንግድ ስሌት ግን ከዚህ ሆኖ የሚያይ ሰው ከለንደኑ ተመልካች የተለየ ነገር ቢያነብበት አይገርምም።

የሁለቱን ፊልሞች ዝምድና አጉልቶ የሚያሳየው የድብድቡ አቀራረብ ነው። በመጀመሪያው ፊልም ሆልምስ ከመምታቱ በፊት እያንዳንዱን ምት በሐሳቡ ያሰላል፤ እኛም ስሌቱን በዝግታ፣ ድርጊቱን በፍጥነት እናየዋለን። ስሌቱም ይሰምርለታል። በተከታዩ ፊልም ይህ እርግጠኝነት ደረጃ በደረጃ ይፈርሳል። አንድ ጊዜ ኑሚ ራፓስ የተጫወተቻት ሲምዛ ቢላ ወርውራ ያልታሰበ ነገር ታስገባበታለች። በመጨረሻው ትዕይንት፣ በራይሸንባኽ ፏፏቴ አናት፣ ሞሪያርቲም እንደ እርሱ አስቀድሞ ማስላት እንደሚችል እናያለን። ሆልምስ ትከሻው ቆስሏል፤ ስሌቱ በትክክል ተሠርቶ ሽንፈትን ይነግረዋል። ያኔ ባላጋራውን አቅፎ ወደ ገደሉ ይወድቃል። የመጀመሪያው ፊልም ባይኖር ይህ ትዕይንት ትርጉም አይኖረውም ነበር፤ ተከታይ ፊልም ከቀዳሚው የወረሰውን እንዲህ ሲመነዝረው ያየሁት አልፎ አልፎ ነው።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ሞሪያርቲን በእውነት የጣለው ቡጢ ሳይሆን የሒሳብ መዝገብ ነው። ሆልምስ ቀይዋን ማስታወሻ ደብተር በምስጢር ለውጦ ወደ ለንደን ይልካል፤ የዋትሰን ባለቤት ሜሪ ከፖሊስ ጋር ሆና ሀብቱን ታስይዛለች። የምስጢር ጽሑፉ መፍቻ የአትክልት እንክብካቤ መጽሐፍ ነው። ሆልምስ መጽሐፉን ያየው በሞሪያርቲ የሥራ ክፍል ነው፤ እዚያው የነበረው ተክል ግን እንክብካቤ አጥቶ ጠውልጎ ነበር። በዚህ ፊልም ለተመልካቹ በታማኝነት የቀረበ ምርጡ ፍንጭ ይህ ይመስለኛል፤ ሆኖም ለመድፉ ብዙ ደቂቃዎች የሰጠው ፊልም ለመዝገቡ የሰጠው እጅግ ጥቂት ነው።

አርተር ኮናን ዶይል ሆልምስን እ.ኤ.አ. በ1893 በዚያው ፏፏቴ «ገድሎት» ነበር፤ ከፏፏቴው መትረፉን የነገረን ከ10 ዓመት በኋላ ነው። ፊልሙ ይህን መመለስ በአንዲት የጥያቄ ምልክት ይጨርሰዋል፦ ዋትሰን በታይፕራይተር «ተፈጸመ» ብሎ ከጻፈ በኋላ ሆልምስ ተደብቆ ምልክቷን ይጨምርባታል። አሁን የሁለቱን ፊልሞች የድብድብ ትዕይንቶች በተከታታይ እናያለን፤ ከዚያም ወደ ጥያቄዎቻችሁ እናልፋለን።