ነባቢት ነፍስና የሰው ቋንቋ፦ ሰዋስው ከየት ተገኘ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የሰው ልጅ መናገርን ከየት አገኘው? ይህ በትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ ያሉ ልጆቻችን የሚገጥማቸው ጥያቄ ነው። በአንድ ወገን ቋንቋ ከእንስሳት ድምፅ ቀስ በቀስ አድጎ የተገኘ ነው ሲባል ይሰማሉ። በሌላ ወገን ደግሞ ቃላቱም ሰዋስዉም ተዘጋጅተው ከሰማይ ወረዱ የሚሉ ወገኖችን ያገኛሉ። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ የሆነባቸው መስሏቸው በእምነታቸው የሚናወጡ አሉ። ስለዚህ አበው ያስተማሩትንና የዘመናችን ተመራማሪዎች የደረሱበትን በአጭሩ እንመለከታለን።

ነፍስ ነባቢት ናት

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን የሰው ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት ናት ብላ ታስተምራለች፤ ታስባለች፣ ትናገራለች፣ በሕይወትም ትኖራለች። እንግዲህ ንግግር አስቀድሞ የነፍስ ገንዘብ ነው፤ አንደበት መሣሪያዋ ነው። ኦሪት ዘፍጥረትም እግዚአብሔር እንስሳትን ወደ አዳም እንዳመጣቸው፣ ስም ያወጣላቸው ግን አዳም እንደ ሆነ ይነግረናል (ዘፍ. 2፥19-20)። ፈጣሪ ስም የማውጣትን ሥልጣንና ችሎታ ለአዳም ሰጠው እንጂ ስሞቹን አላስጠናውም።

የአበው ትምህርት

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውኖምዮስ የተባለ መናፍቅ ስሞች ከእግዚአብሔር የተሰጡ ናቸው፤ «ያልተወለደ» የሚለው ስምም የመለኮትን ባሕርይ ራሱን ይገልጣል ይል ነበር። ዓላማው ወልድ ተወላዲ ስለ ሆነ በባሕርይ ከአብ ልዩ ነው ለማለት ነው። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ በጽሑፍ ተቃወመው፤ እርሱ ካረፈ በኋላም ወንድሙ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ክርክሩን ቀጠለ።

ጎርጎርዮስ እግዚአብሔር እንደ ፊደል አስተማሪ ተቀምጦ ለመጀመሪያዎቹ ሰዎች ቃላትን አስቆጠራቸው የሚለውን አሳብ አልተቀበለም። የማሰብና የመናገር ኃይል የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ቃላቱን የሚሠራቸው ግን ያን ኃይል የተቀበለው ሰው ነው። ቤት የሚያንጽ ሰው ጥበቡን ከፈጣሪ ቢቀበልም ድንጋዩን የሚደረድረው ራሱ እንደ ሆነ ማለት ነው። የሰው ቃል የሰው ሥራ ከሆነ ደግሞ አንዲት ቃል የመለኮትን ባሕርይ ልትወስን አትችልም፤ የአውኖምዮስም ክርክር መሠረት ያጣል።

ይኸው አባት ስለ ሰው አፈጣጠር በጻፈው መጽሐፍ ሌላም ነገር አስተውሏል። ሰው እጅ ባይኖረው ኖሮ አፉ እንደ እንስሳት ሣር ለመንጨት የተሠራ ይሆን ነበር፤ እጅ ስላለው አፉ ለንግግር ነጻ ሆነ። እጅ ራሱም በጽሕፈት ይናገራል ይላል።

የዘመናችን ምርምር

ንግግር እንደ አጥንት ከመሬት ተቆፍሮ አይወጣም። ስለዚህ መላ ምት ብቻ በመብዛቱ የፓሪስ የቋንቋ ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1866 ስለ ቋንቋ አመጣጥ የሚቀርብ ጽሑፍን በደንቡ ከለከለ። ቻርልስ ዳርዊን በ1871 ባሳተመው መጽሐፉ ቋንቋ ከድምፅና ከእንቅስቃሴ በዝግታ አደገ አለ። አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ኖኣም ቾምስኪ በበኩሉ የሰዋስው ችሎታ ከሰው ጋር አብሮ የሚወለድ ነው፤ የተገኘውም በአንድ ጊዜ ነው ይላል። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

በዐይን የታየ ነገር ግን አለ። በመካከለኛው አሜሪካ በምትገኘው ኒካራጓ፣ በማናጓ ከተማ፣ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መስማት የተሳናቸው ልጆች በትምህርት ቤት ተሰበሰቡ። መምህራኑ ስፓኒሽን ከከንፈር እንዲያነቡ ሊያስተምሯቸው ደከሙ፤ ብዙም አልሆነላቸውም። ልጆቹ ግን ከየቤታቸው ያመጧቸውን ምልክቶች እየተለዋወጡ የጋራ የእጅ ቋንቋ ፈጠሩ። ከእነርሱ በኋላ የገቡት ታናናሾች ደግሞ ማንም ሳያስተምራቸው ሥርዐት ጨመሩበት፦ ሁለት ምልክቶች በአንድ አቅጣጫ ከተሠሩ የሚናገሩት ስለ አንድ ሰው ነው። በግእዝ ቅጽልና ስም በፆታና በቁጥር ተስማምተው ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ እንደሚያሳዩት ያለ ነው። ተመራማሪዎች ከ1986 ጀምሮ ይህን ሲከታተሉ ቆይተዋል።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ሰዋስው በሰዎች መካከል ይሠራል፣ ያድጋል ሲባል የሚማር ወጣት ሊደነግጥ አይገባውም፤ ጎርጎርዮስ ቃላት የሰው ሥራ መሆናቸውን ቀድሞ አስተምሯል። ሰው ከእንስሳ ወጣ የሚለውን ግን ቤተ ክርስቲያን አትቀበልም፤ ሰው በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረ ነውና። የቃላትን ዕድገት ማጥናት ሌላ፣ የነባቢት ነፍስን ምንጭ መናገር ሌላ ነው።

ሁለተኛ፣ ግእዝን ለማክበር አዳም የተናገረበት ቋንቋ ነው ብሎ መከራከር ግድ አይደለም። ቅዱሳት መጻሕፍት የተተረጎሙበት፣ ቅዱስ ያሬድ ያዜመበት፣ አበው የጸለዩበት መሆኑ ክብሩ ነው። በበዓለ ሃምሳም መንፈስ ቅዱስ አንዱን ቋንቋ መርጦ ሌላውን አልጣለም፤ ሁሉም በየቋንቋው ሰማ (ሐዋ. 2፥6)።

ሦስተኛና ከሁሉ የሚበልጠው፣ መስማት የተሳናቸው ወገኖቻችን ጉዳይ ነው። አንደበታቸው ዝም ስላለ አእምሮ እንደ ጎደላቸው አድርጎ የሚቆጥራቸው፣ ከትምህርትና ከምሥጢራት የሚያርቃቸው ሰው ዛሬም አይጠፋም። የማናጓ ልጆች ግን ጆሮ ሳይሰማ፣ አንደበትም ሳይናገር ነፍስ ነባቢት መሆኗን በእጃቸው አሳይተዋል። እነዚህ ወገኖቻችን ቃለ እግዚአብሔርን በምልክት ቋንቋ የመማር፣ ንስሐ የመግባትና የመቍረብ መብት አላቸው። በየአጥቢያው ቋንቋቸውን የሚያውቅ አንድ ካህን ወይም አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር እንዲኖር መትጋት የሁላችን ድርሻ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።