ፈውስና ማሰሪያ፦ የማንኩሳው ስለት



ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው ማንኩሳን ያልፋል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚነሣው ከዚህ ስፍራ ነው። ልብ ወለዱን የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ታሪክ ብቻ አድርጎ ማንበብ ተለምዷል። እኔ ግን ከበዛብህ ወላጆች፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ፣ እንድንጀምር እጠይቃለሁ።

ሕፃኑ ቢታመምባቸው፣ ከዳነ ሳያገባ እግዚአብሔርን እያገለገለ እንዲኖር ተሳሉ። ልጁም ዳነ። ዳሩ ግን ያ ፈውስ፣ አድጎ በዲማ ከፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ጋር በተፋቀረ ጊዜ፣ ማሰሪያ ሆነበት። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የቆመው የአባቷ የዘር ኩራት ብቻ አይደለም፤ የወላጆቹ ፍቅርም ጭምር ነው።

የመሸሻን ትዕቢት እንደ ጉዱ ካሣ ያለ ደፋር ይነቅፈዋል። በልጁ ሞት የተጨነቀ ወላጅ የተሳለውን ስለት ለመንቀፍ ግን አንደበት ይያዛል። የመጽሐፉ ሐዘን የሚጠልቀው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በዛብህ ከሞተ በኋላ ሰብለ መነኮሰች። ለእርሱ የታሰበውን ዓለምን የመተው ኑሮ በመጨረሻ የኖረችው እርሷ ናት።